ጭሱ የሚወጣበት ግድግዳ

«ግድግዳውን በጓሮው በኩል ብሳው፤ እዚያ ያሉት እቴቴ ብቻ ናቸው» አለ ደምመላሽ።

ሰርካዲስ ከግቢው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ወንድሟ ከቤቱ ጥግ ወዲያ ከቆርቆሮ ሠሪው ከጀላል ጋር ቆሞ የሚያወራው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማታል። ሳሙናው ዓይኗን ቢያቃጥላትም ቶሎ ውኃ አልረጨችበትም፤ ቀና ካለች መስማቷ የሚታወቅባት መሰላት። ደምመላሽ አክስታቸውን አንቱ ማለት አይረሳም። ሰው ፊት ከሆነማ እጃቸውን ስሞ፣ ትራሳቸውን አስተካክሎ ነው የሚቀመጠው። አሁንም «ናቸው» ያለው በአክብሮት ነው። «ብቻ» ያላትን ቃል ግን እንዲሁ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር ያላት።

«ጭሱ በጣሪያው ቢወጣስ ጋሼ?» አለ ጀላል።

«ጣሪያውን እንዳትነካብኝ። ያንን ቆርቆሮ ገና አምና ነው ያለበስኩት። በመንገዱ በኩል ደግሞ እንግዶቹ የሚገቡበት ነው። በጓሮው ይሁን።»

 የሜትሩ ብረት ሲዘረጋና ተመልሶ ሲጠቀለል ብቻ ተሰማ። ሰርካዲስ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ አደራርቃ ወደ ቤት ገባች።

ግቢው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ወላጆቻቸው የተዉላቸው ነው። ከፊት ለፊት ደምመላሽ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርበት ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለ፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ የለበሰው ይኸው ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በስተኋላ፣ ድሮ የእህል ማስቀመጫ የነበረው ክፍል ዛሬ የሰርካዲስ መሥሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ክንድ የማትሞላ መተላለፊያ ትቀርና የአክስታቸው የእማሆይ ወለተ ማርያም ክፍል ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱ ትንሽ መስኮትና የእቴቴ መስኮት በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በላይዋ ቆርቆሮ ስለተጋደመባት ፀሐይም ነፋስም አያገኛት።

የሰርካዲስ ሥራ ዶቃ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ስድስት ወር በተሰጠ ሥልጠና ነበር የተማረችው። ከየመጠጥ ቤቱ ባዶና ስባሪ ጠርሙስ በማዳበሪያ ከረጢት ትገዛለች፤ አጥባ፣ በብረት ሙቀጫ ቀጥቅጣ በወንፊት ትነፋዋለች። ከዚያ በጋዝ ነበልባል ላይ እንደ ማር እስኪለጠጥ ታቀልጥና ጭቃ በተቀባ ሽቦ ላይ ትጠቀልለዋለች። አረንጓዴ ስትፈልግ የመዳብ ፍቅፋቂ፣ ወይን ጠጅ ስትፈልግ ከሞተ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ዱቄት ትጨምርበታለች። ያ ዱቄት እሳት ሲነካው የሚያወጣው ሽታ ምላስ ሥር ይገባል፤ ያረጀ ሳንቲም እንደ መምጠጥ ነው። ሥራ ስትጨርስ ስትናፈጥ መሐረቧ ላይ የሚቀረውን ማየት ትጠላለች። ጭሱን ለማስወጣት ብላ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ትንሿ መስኮት ላይ በሽቦ አስራለች። ከጀርባዋ ያለውን አየር እየሳበ፣ በፊቷ አሳልፎ፣ ወደ መተላለፊያዋ ይገፋል።

ባለፈው ወር ደምመላሽ የሚሠራበት የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት የበላይ ሰው ሊጎበኛት መጥቶ ነበር። የእህቱን መሥሪያ ሞዴል ብሎ ያስመዘገበው ደምመላሽ ራሱ ነው። ሰውየው ደጃፉ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ሰርካዲስም ሙቀጫውን እየወቀጠች ሳለ፣ ሳል ያዘው። ሲያስል ሲያስል ዓይኑ ቀልቶ ወጣ፤ ወጥቶም ደብተሩ ላይ «የአየር ማውጫ ችግር አለ» ብሎ ጻፈ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሌሎች እንግዶች ካሜራ ይዘው ይመጣሉ። ደምመላሽ ከሳምንት በፊት ጀምሮ የዚህን ነገር ነው የሚያወራው። ትናንት ማታ ሰባት መቶ ብር ቆጥሮ ሰጥቷት፣ «በጠዋት ኮምቦልቻ ውረጂና ቬንትሌተር ይዘሽ ነይ። ከፊት ለፊት የሚታይ ይሁን፤ ነጭ ቢሆን ጥሩ ነው» ብሏታል።

ቁርስ ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ሐይቅ ከተማ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ደምመላሽ ፍርፍሩን ፈጥኖ ፈጥኖ ይጎርሳል፤ ከንፈሩ ላይ ዘይቱ ያብረቀርቃል። ሰርካዲስ «በጣሪያው ቢወጣስ» ልትለው ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቴም በሻይ ዘጋችው። ይሄ ቤት ውስጥ ሥራ ጀምሪ ብሎ ክፍሉን የሰጣት እሱ ነው። ጋዙንም ያስፈቀደላት እሱ ነው። ይህን ሳያነሳባት የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ እንኳ ምንም ሳትለው «እኔ ባልኖር ኖሮ ሰው ቤት እንጀራ ትጋግሪ ነበር» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

ከመውጣቷ በፊት ለእቴቴ ሻይና ዳቦ ይዛላቸው ገባች። እማሆይ ወለተ ማርያም የእናታቸው ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ ሁለቱን ልጆች ይዘው ያሳደጉት፣ ባል ሳያገቡ የቀሩት፣ ኋላም ቆብ የደፉት እሳቸው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። ክፍሉ ለአንድ አልጋ፣ ለአንድ ሳጥንና ለአንድ በርጩማ የምትበቃ ናት። መስኮቷ እንደ ወትሮው ጥርቅም ብላ ተዘግታ፣ በላይዋ ወፍራም ጋቢ ተንጠልጥሎባታል።

«ትንሽ ልክፈተው እቴቴ? ታፍኗል» አለች ሰርካዲስ።

«ተዪው ልጄ። የደሴን ብርድ ታውቂው የለ።» ሻይውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጥቂት ሳሉ። ሳላቸው አጭርና ደረቅ ነው፤ ሰው እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። «ሂጂ፤ በሰላም ግቢ። ሐረጎ ላይ መኪናው ቀስ እንዲል ንገሪው።»

ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሰርካዲስ ከመስኮቱ ጥግ ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ጫት ቅሞ ያደረ ነው መሰል፣ ትንፋሹ በየኩርባው ፊቷ ላይ ይመጣል። መስኮቱን ልትከፍት ብትል ከኋላ ያለች ሴት «ልጅ ይዣለሁ፤ ነፋስ ነው» አለቻት፤ ዘጋችው። ብርዱ እየለቀቀ፣ አየሩ እየሞቀ ሄዶ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራቧን አወለቀች።

መጀመሪያ የገባችው ዋናው መንገድ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነው። ነጭ ፕላስቲክ ቬንትሌተሮች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። ሻጩ አንዱን ሰክቶ አዞረላት፤ ድምፅም የለው። ሦስት መቶ ሰማንያ ብር። ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቃትም። ለመስታወት ሥራ ነው ስትለው «ለሁሉም ይሆናል» አለ። በእጇ ያዝ አድርጋ ክንፎቹን ነካቻቸው፤ ከጣት ጥፍር የማይወፍሩ ናቸው። ወንድሟ የፈለገው ይህንን እንደሆነ አውቃለች። ገዝታ ብትመለስ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ጠዋት ቧንቧው ሥር የሰማችው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ ብሎ ነበርና «ዞሬ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

በሥልጠናው ጊዜ ለእሳት ማናፈሻ ሞተር የሸጠላቸው ሁዘይፋ የሚባል ሰው ነበር። ከፋብሪካ በጨረታ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ እየገዛ ይሸጣል። ስፍራውን እየጠየቀች ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገብታ አገኘችው። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። ሞተር፣ የማሽን ጥርስ፣ የዛገ ቱቦ በተከመረበት ግቢ መካከል ከሼድ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሞተር ኩሽኔታ በጋዝ ያጥባል። ሰላምታ ተለዋውጠው በርጩማ አስጠጋላት። ምን እንደምትሠራ፣ ክፍሉ ስንት በስንት እንደሆነ፣ እሳቱ ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ አንድ በአንድ ጠየቃት። ቀጥሎ፣ «ወዴት ነው የምታስወጪው?» አለ።

«በመስኮት።»

«መስኮቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ጓሮ።»

«ጓሮ ማን አለ?»

ሰርካዲስ ሹራቧን አጣጠፈች። «አክስቴ አሉ» አለች ኋላ። «የአልጋ ቁራኛ ናቸው።»

ሁዘይፋ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ያያት አስተያየት፣ ሰው ከሚበላው ሰሃን ውስጥ ዝንብ ያገኘ ጊዜ የሚያየው ዓይነት ነበር። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ትመርጥ ነበር።

«ስሚኝ እህቴ» አለ። «ቬንትሌተር ጭስ አይበላም። ከአንቺ አንስቶ ለሌላ ሰው ያቀብላል። እኔ ጥጥ ፋብሪካ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የእኛ ክፍል ብናኝ ሲበዛ አየር ሳቢ ማሽን አስገቡልን፤ አላህ ይስጣቸው ብለን ደስ አለን። የሚያስወጣው ግን ጥበቃዎቹ ከሚያርፉባት ጎጆ ላይ ነበር። ሁለቱን ቀብረናል። እኔም ይኸው በሌሊት አልተኛም።» ደረቱን በጣቱ መታ አደረገ።

ከዚያ ተነሥቶ አንድ ቁራጭ ካርቶን ለኮሰና እሳቱን አጥፍቶ ጭሱን ብቻ አስቀረ። ከጀርባዋ ትንሽ ማራገቢያ አኖረ፤ ጭሱ ከእጁ ተነሥቶ በአፏና በአፍንጫዋ ላይ አልፎ ሄደ። «አንቺ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የሠራሽው። በመጀመሪያ አንቺ ትጠጪዋለሽ፤ ከአንቺ የቀረውን እሳቸው ይጠጡታል።» ማራገቢያውን አነሣና ከጭሱ በላይ አንድ የቆርቆሮ ቆብ በእጁ ያዘ፤ ከቆቡ ጫፍ ቱቦ፣ ከቱቦው ውስጥ ከፋብሪካ የወጣ ባለ ብረት ክንፍ ሳቢ አለ። ሲሰካው ጭሱ ፊቷን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ቆቡ ከእሳቱ በላይ፣ ከግንባርሽ በታች ይሁን። ቱቦው በጣሪያው ወጥቶ ከክዳኑ ጫፍ አንድ ክንድ ይለፍ፤ ካጠረ ነፋሱ ግቢ ውስጥ መልሶ ይጥለዋል። ከላይ ስታስወጪ ከታች የሚገባ አየር ያስፈልጋል፤ በሩ ሥር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዪለት። ጠርሙሱን ስትወቅጪ ደግሞ ውኃ አርከፍክፊበት። ያ ብናኝ አንዴ ከገባ አይወጣም።»

ሳቢውንም፣ ሦስት ቁራጭ ቱቦም፣ ቆቡንም በስድስት መቶ ሃምሳ ብር ሰጣት። መኪና አጥታ እንዳትቸገር ብሎ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ አደረሳት፤ ስታመሰግነው «አብሽሪ፤ ብቻ ዛሬውኑ ትከዪው» አላት። የሚኒባሱ ረዳት ለቱቦው ሠላሳ ብር ካልጨመርሽ ብሎ ተከራክሯት ጣሪያው ላይ አሰረላት።

ዳገቱን ስትወጣ አፏ ውስጥ ያ የሳንቲም ጣዕም መጣባት፤ ዛሬ እሳት አልለኮሰችም። ሁዘይፋ ስለ ጥበቃዎቹ የነገራትን ላለማሰብ ወደ ውጭ ተመለከተች፤ ግን የምታስበው የእቴቴን መስኮት ሆነ። ያ መስኮት ድሮ ክፍት ነበር። እቴቴ አልጋ ላይ ሆነው በዚያ በኩል ጎረቤት ይጣሩ፣ ለድመቷ ቁራሽ ይወረውሩ ነበር። ጋቢው መቼ ነው የተሰቀለው? የጠረጴዛውን ቬንትሌተር በሽቦ ያሰረች ሰሞን ክረምቱ እየወጣ ነበር። እቴቴ «ብርድ መታኝ» ያሉት በመስከረም ነው፤ ፀሐይ በወጣበት፣ ሰው ሁሉ ቤቱን በሚከፍትበት ወር። እሷም ያኔ ጋቢውን በገዛ እጇ ነው ምስማር መትታ የሰቀለችላቸው። ወንድሟን ከጠዋት ጀምሮ ስትጸየፈው ውላ ነበር። አሁን ያ ጥላቻ ተመልሶ ራሷ ላይ ሲያርፍ ጉልበቷን ጨብጣ ተቀመጠች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ግቢ ስትደርስ ቱቦውን የተሸከመላት ሰው በሩ ላይ አወረደላት። ጀላል የመሥሪያ ቤቱን ግድግዳ እየጠረገ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። በጓሮው ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበስቶ፣ ነጭ ፕላስቲክ ቬንትሌተር ተገጥሞበታል፤ ካርቶኑ ወለሉ ላይ ወድቋል። ደምመላሽ ትዘገያለች ብሎ ራሱ ከፒያሳ ገዝቶ አምጥቶ ነበር፤ አሁን እንግዶቹን ሊያመጣ ሄዷል።

«ወላሂ ጠዋትም ነግሬው ነበር» አለ ጀላል በዝቅታ። «እሳቸው ላይ ይገባል ስለው መፍትሔ አለኝ አለኝ።»

«ምን መፍትሔ?»

ጀላል በአገጩ ወደ መተላለፊያዋ አመለከታት። ሰርካዲስ በጎን ዞራ ገባች። የእቴቴ መስኮት የለም። በቦታው አዲስ የቆርቆሮ ሉህ ከዳር እስከ ዳር በምስማር ተመቷል።

በሩን ገፍታ ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ዓይን ቢወጉ አይታይም። የሽንት፣ የአሮጌ ልብስና የላብ ሽታ ተከማችቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ተለጠፈ።

«ማነው? ሰርኬ ነሽ?» አሉ እቴቴ ከጨለማው ውስጥ። «መሸ እንዴ ልጄ? ምነው ዛሬ ሳልሰማው መሸ?»

ሰርካዲስ ወጥታ የጀላልን መዶሻ ከመሣሪያ ሳጥኑ አነሣችና ሉሁን ከሥሩ ፈነቀለችው። አልከለከላትም፤ እንዲያውም በሌላው ጥግ ገብቶ በምስማር መንቀያ አገዛት። ቆርቆሮው ሲላቀቅ የመስኮቱ መዝጊያ ወጣ። መዝጊያውን ጎትታ ስትከፍተው ከየስንጥቁ ጨርቅ ረገፈ፤ አሮጌ ነጠላ እየተቀደደ፣ እየተጠቀለለ፣ በጣት እየተገፋ የተወተፈ። የአልጋው ራስጌ ከመስኮቱ ሥር ነውና እቴቴ ተኝተው እጃቸው እስከሚደርስበት ድረስ አንድ ቀዳዳ አልቀራቸውም፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ክፍት ነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ግራጫ ነገር ሁለት ጣት ያህል ተጋግሯል። በጣቷ ስትነካው ይከረክራል፤ በብርሃኑ ሲያዩት ደግሞ ውስጡ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ይላል። ትራሱ አጠገብ ባለው የውኃ ጣሳ ላይ ይኸው ነገር እንደ ስስ ቆዳ ተንሳፍፏል። ጠዋትም፣ ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም እሷው ራሷ ነበረች ያንን ጣሳ የምትሞላው።

ጋቢውን ገለጥ አድርጋ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ አየቻቸው። ድንገት ብርሃን መጥቶባቸው ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለዋል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ምኑን?»

«ጭሱን እቴቴ። ለምን ብርድ ነው አሉኝ?»

እማሆይ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አጭር ሳል ሳሉ። «ሥራሽን ትተዪዋለሽ ብዬ ነዋ» አሉ። «እኔ ደግሞ ምን እሠራበታለሁ ደረቱን።»

ሰርካዲስ ዞራ ገባችና ብርድ ልብሱን በሥራቸው ጠቅልላ አቀፈቻቸው። እንዲህ ይቀልላሉ ብላ አላሰበችም ነበር። ግቢውን አቋርጣ፣ የፊተኛውን ቤት በር በክርኗ ገፍታ፣ ደምመላሽ ለእንግዳ ብቻ የሚከፍተው ሳሎን ውስጥ ካለው ሶፋ ላይ አስተኛቻቸው። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ትልቁ መስኮት አለ፤ ወለል አድርጋ ከፈተችው። እቴቴ ሶፋውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ «አቆሽሽበታለሁ፤ ይቆጣል» አሉ። «ይቆጣ» አለች ሰርካዲስ።

አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት መኪና ቆመ። እንግዶቹ አራት ናቸው፤ መሪያቸው ሻርፕ ያደረገች ወፍራም ሴትዮ፣ አንዱ ካሜራ የያዘ። ደምመላሽ ኮትና ክራቫት አድርጎ እየመራ ሲያስገባቸው ሳሎኑ በር ላይ ደርሶ እቴቴን አየ። ለቅጽበት ፊቱ ባዶ ሆነ። ሰርካዲስ ከሶፋው ራስጌ ቆማ ጠበቀችው። ይጮሃል፣ ያፍራል፣ ወይም ቢያንስ ይንተባተባል ብላ ነበር። እሱ ግን ወዲያው ጎንበስ ብሎ የእቴቴን እጅ ሳመና ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳብ አደረገላቸው።

«እናታችን ናቸው» አለ ለእንግዶቹ። «ታመው እዚሁ እኛው መካከል ነው የምናስታምማቸው። የእህቴም ሥራ የጠቀመን ለዚህ ነው።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ «ቤተሰብን መደገፍ ማለት ይኼ ነው» አለች። ካሜራ የያዘው ሰው አነጣጠረ። ደምመላሽ እንደ ጎነበሰ ቆየለት፤ አንዴ እንዳነሣው ደግሞ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ትንሽ ዞር አደረገ። እቴቴ ምን እንደሚሆን ሳይገባቸው ለሁሉም «ይባርካችሁ» ይላሉ። 

መሥሪያ ቤቱ ሲገቡ ደምመላሽ ነጩን ቬንትሌተር አስነሣ። ተሽከረከረ፤ እንግዶቹ ወደ ላይ አንጋጠው አዩት፤ ፎቶ ተነሣ። ሴትዮዋ እሳቱን እንድትለኩስላቸው ጠየቀቻት።

«አልለኩስም» አለች ሰርካዲስ።

«ዓይን አፋር ናት» አለ ደምመላሽ እየሳቀ።

«ዓይን አፋር አይደለሁም። ይሄ የሚያወጣው አሁን ሳሎን ያያችኋቸው ሴትዮ መስኮት ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሳወጣ ኖሬያለሁ። ዛሬ መስኮታቸውን በቆርቆሮ መትተነው ነበር፤ አሁን ነው የነቀልኩት። ኑና እዩት።»

 ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሴትዮዋ ደምመላሽን አየችው፤ ሰርካዲስን አየቻት፤ ከዚያ ሰዓቷን አየች። መተላለፊያዋን ለማየት ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የሚቀራት። «ጥቃቅን ጉድለት አይጠፋም፤ በሂደት ይስተካከላል» አለች። «ዋናው አየር ማውጫው መኖሩ ነው።» ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች። ሌሎቹ ተከተሏት። በሩ ላይ ከሰርካዲስ ዶቃዎች አንዳንድ ሐብል መርጠው ወሰዱ፤ ደምመላሽ «ስጦታ ነው፣ ስጦታ ነው» እያለ በገዛ እጁ አቀበላቸው።

መኪናው ሲሄድ ተመለሰ። ክራቫቱን አላልቶ ነበር። አልጮኸም። «ጨረስሽ?» አለ። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ ደስ ካለሽ ይሁን። አሁን እቴቴን ወደ ክፍላቸው መልሺ። ሶፋው ይሸታል።»

ሰርካዲስ በአጠገቡ አልፋ ወደ በሩ ሄደች። ጀላል ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ነበር። «ቆርቆሮ መቁረጫህን አውሰኝ» አለችው። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባውና ወደ ደምመላሽ አየ። ከዚያ መሰላሉን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «እኔ በወጣሁ ይሻል ነበር፤ ግን ያንቺ ቤት ነው» አለ። «መቁረጫውን ያዢ፤ እኔ መሰላሉን ከታች እይዛለሁ።» ሰርካዲስ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወጣች። የሰማያዊው ቆርቆሮ ክዳን ከፀሐይ የተነሣ ለእጅ ይፋጃል። ጀላል በምስማር ቀዳዳውን ከውስጥ ጀምሮላት ነበር፤ መቁረጫውን አስገብታ ስትጫነው ሉሁ እያቃሰተ ተሰነጠቀ። ደምመላሽ ግቢው መካከል ቆሞ ዝናብ ይገባል አለ፤ የአባታችን ቤት ነው አለ፤ ነገ ክፍሉን ትለቂያለሽ አለ። የጎረቤት ሰው በአጥሩ በላይ አንገቱን ሲያወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሷ ክቡን ቆርጣ እስክትጨርስ አንድ ጊዜም ወደ ታች አላየችም። የቆርቆሮው ጠርዝ አውራ ጣቷን ቀደዳት፤ ደሙን በቀሚሷ ጠርጋ ቱቦውን ተቀበለች።

ሥራው ሲያልቅ ደምመላሽ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ጀላል ነጩንም፣ መስኮቱ ላይ የነበረውንም አሮጌ ቬንትሌተር አውርዶ የጓሮውን ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ መረገው፤ በሩንም ከሥሩ እጅ በምታስገባ ቁመት ከረከመው። ቆቡን ከእሳቱ በላይ ሰቅለው ሳቢውን ሲሰኩት እንደ ፋብሪካ አጓራ። ሰርካዲስ ካርቶን ለኩሳ አጠፋችና ጭሱን ከቆቡ ሥር ያዘችው። ፊቷን ሳይነካ ሄደ። ጀላል ከውጭ ሆኖ ወደ ጣሪያው እያየ፣ «ወጣ፤ ወደ ላይ ሄደ» አላት። ሂሳቡን ስትጠይቀው «የጠዋቱን ቀዳዳ ለመድፈን አላስከፍልም» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

እሷ ግን ደስ አላላትም። ሳፋ ውኃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይዛ የእቴቴ ክፍል ገባች። ከመስኮቱ ደፍ ጀመረች። ጨርቁ በመጀመሪያው ጠረጋ ጠቆረ፤ አጥባ ደገመችው፤ ጠቆረ። የአልጋው ብረት፣ የሳጥኑ ክዳን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የማርያም ሥዕል መስተዋት፣ እጇ የነካው ሁሉ ያንን ግራጫ ነገር ይሰጣታል። ፍራሹን ስትመታው ከውስጡ ብናኝ ተነሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ፍንጥቅ ፍንጥቅ እያለ ተንሳፈፈ፤ ትንፋሿን ይዛ እስኪወርድ ቆመች። ሳፋውን ሦስት ጊዜ ደፍታ ሦስት ጊዜ ቀዳች።

«ሰርኬ» አሉ እቴቴ ከሳሎኑ፤ ድምፃቸው ግቢውን አቋርጦ በተከፈተው መስኮት ገባ። «አልጨረስሽም? ወንድምሽ ሳይመለስ ወደ ቦታዬ ውሰጂኝ።»

ሰርካዲስ ጨርቁን በሁለት እጇ ጠመዘዘችው። የወረደው ውኃ ጥቁር ነበር።

«ገና ነው እቴቴ» አለች። «አልጠራም።»